ሥር የሌለው ዛፍ

ቲቸር ማርቆስ ማረፉን የነገረኝ ሴራሚክ አውራጅ ነው። አርባ ምንጭ ዕቃ ላስጭን ሄጄ፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ፣ ጂንካ የደረስኩት ከጭነት መኪናው ጋር ነበር። አውራጆቹ ካርቶኑን እየተቀባበሉ ሲያወሩ አንዱ፣ «ድንጋዩ ቲቸር እኮ ትናንት ተቀበረ» አለ። ለጓደኛው ነው ያለው፤ ከጀርባው መቆሜን አላየም።

«ማን?» አልኩት።

ዞር ብሎ ፊቴን ሲያይ ደነገጠ። «ቲቸር ማርቆስ ነዋ። አልሰማሽም እንዴ፣ እትዬ ሰናይት? ከተማው በሙሉ ወጥቶ ነበር።»

ከተማው በሙሉ ወጥቶ እኔ ብቻ ቀረሁ ማለት ነው። አውራጁ አንድ ካርቶን ወደ እኔ ጎትቶ፣ «ተቀመጪ፣ በሞቴ ተቀመጪ» አለኝ። «አልቀመጥም!» ብዬ ጮህኩበት። ምን በደለኝ ምስኪኑ? እሱ ለምን እንደጮህኩበት አያውቅም። ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

«ድንጋዩ ቲቸር» የሚለውን ስም ያወጣለት ከተማው ነው። በእኛ ጊዜ ድንጋይ የሚባለው ትምህርት አልገባ ያለው ተማሪ ነበር፤ ለቲቸር ማርቆስ ግን ስድብ አልነበረም። በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ድንጋይ ኪሱ ውስጥ ይዞ ስለሚዞር ነው። የሱ ኪስ እንኳ ኪስ አይባልም። የዛፍ ሥር፣ ፍሬ፣ የወፍ አጥንት፣ የእባብ ቆዳ ሁሉ ይገባበታል። በየጊዜው ሲቀደድበት ሚስቱ እትዬ ራሔል ሰለቻትና የጆንያ ጨርቅ ሰፋችለት። ከውጭ ሲያዩት ሽክ ያለ ኮት ነው፤ እጁን ሲከትበት ጆንያ።

የመጣልን ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ ነው። እኔ ያኔ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ፤ አባቴ ከመሀል አገር መጥቶ ጂንካ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። ባዮሎጂ የሚያስተምር አዲስ መምህር ተመደበ ሲባል ግልብጥ ብለን ገባን። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ሰው ቆሟል። ስሙን እንኳ ሳይነግረን ከኪሱ አንድ አረም አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አረም!»

«ሥሩስ?»

አረሙን ገለበጠው። ከሥሩ የተንጠለጠለውን፣ ከፀጉር የቀጠነውን ሁሉ በጣቱ እያፍታታ አሳየን። «ከላይ ያያችሁት ግማሹን ብቻ ነው» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው፣ እኔም ብሆን፣ አንድ ነገር ስነግራችሁ ሥሩስ ብላችሁ ጠይቁ።»

አቤት፣ ያ ቃል ስንቱን አስደበደበን! አርፍዶ የመጣ ተማሪ «እናቴ አሟት ነው» ሲል ቲቸር ማርቆስ «ሥሩስ?» ይለዋል። እኛም ለመድን። እናቴ «ዘይት ከገበያ ጠፋ» ስትል «ሥሩስ?» ብያት የጆሮዬን ጫፍ እስኪያቃጥለኝ ድረስ ቆንጥጣኛለች። መምህራን ቢሮ ውስጥም ዳይሬክተሩን ይጠይቃል አሉ። ዳይሬክተሩ ይህን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር።

ቲቸር ማርቆስ የአሪ ልጅ ነው፤ ከጂንካ በላይ ካለው ደጋ፣ ከእንሰት ጓሮ መሐል ወርዶ የተማረ። አማርኛን ትምህርት ቤት ነው ያገኘው። አንብቦ አንብቦ፣ አፋችንን ከፈታንበት ከእኛ የተሻለ ያውቀው ነበር። ብቻ አንድ ነገር አልሆንለት አለ። በአሪኛ ለወንድም ለሴትም ያው አንድ «አንተ» ነው። ተረጋግቶ ሲያወራ «አንቺ» ይላል፤ ደስ ሲለው ወይም ሲናደድ ግን አንቺ ትጠፋበታለች። ሴቶቹን ሁሉ «ና»፣ «ጻፍ»፣ «አትሣቅ» ይለናል። እኛ የነጋዴ ልጆች እንሥቃለን። እሱ አይከፋውም፤ «አርሙኝ እንጂ፣ መሣቅ ብቻ ምን ያደርጋል?» ይላል። እኔ ደግሞ አርሚ ሲሉኝ የምወድ! «ነይ ነው ቲቸር»፣ «ጻፊ ነው ቲቸር» ስል ዓመቱን ፈጀሁት። አንቱ ስንለው ደግሞ ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ «ስንት ሆኜ ታየኋችሁ?» ስለሚለን ተውነው።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ሣለ። ክብ ራስ፣ ከራሱ ዙሪያ የሚበታተን ጭራሮ፣ ከታች ረጅም ጅራት።

«ቲቸር፣ ባሮ ሽንኩርት ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ባሮ ሽንኩርት ጭንቅላትህ ውስጥ የለም። ይሄ አለ» አለው። የነርቭ ሕዋስ ነበር። ቀጥሎ የእጃችንን ጀርባ አውጥተን እንድናይ አዘዘን። «ያ ሰማያዊው ምን ይባላል?» የደም ሥር፣ አልን በአንድ ድምፅ። «ሥር! ይሄን ስም ያወጣ ሰው አይቶ ነው ያወጣው» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ የኦሞን ወንዝ ከነገባሮቹ ሣለው፤ እሱም ዛፍ ሆነ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ዋርካውን አሳየን። እየተንጎራደደ፣ ጠመኔውን እያፍተለተለ፣ ዕድሜ ልኬን የማልረሳትን ዓረፍተ ነገር ያን ቀን ተናገራት። «ቅርንጫፍ ያለው ሁሉ ሕይወት አለው፤ ካልሆነም ነበረው።»

ቃሏ ታምራለች አይደል? እኛም ጻፍናት። ከእኛ በላይ ያሉት ክፍሎችም ጽፈዋት ነበር።

በሌላ ቀን ደግሞ ወደ ድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ይዞን ወጣ። ከተማው መሐል ያለ የሣር ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላን በሌለበት ቀን ላም ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል። እጃችንን ዘርግተን፣ ጣታችንን ከፍተን፣ እርስ በርስ ሳንነካካ በተርታ አቆመን። «እያንዳንዳችሁ ነርቭ ናችሁ። ነርቭና ነርቭ አይነካካም፤ በመሐሉ ክፍተት አለ። መልእክት ክፍተቱን ዘሎ ነው የሚያልፈው» አለን። መልእክቱ በቆሎ ነው። አንዷን ፍሬ ከእጅ ወደ እጅ እየወረወርን እዚያ ማዶ ማድረስ አለብን። ወደ መጨረሻው ስትደርስ ከአንዱ እጅ አመለጠችና ሣሩ ላይ ወደቀች። ስናጎነብስ አንዲት ላም መጥታ በመሐላችን ገባች፤ ፍሬዋን ከነሣሩ ላፍ! እኛ በሣቅ ሞትን። ቲቸር ማርቆስ ላሟን በጣቱ እያሳየ፣ «መርሳት ማለት ይሄ ነው፤ ጻፉ» አለን።

ከዚያ በኋላ ጂንካ ውስጥ የሱ ተማሪ የሆነ ሁሉ አንድ ነገር ሲጠፋበት «ላሟ ገባች» ነው የሚለው። እስካሁን።

ድንጋዩ እጄ የገባው በዚያው ሰሞን ነው። በአርቦሬ በኩል ወደ ጂንካ ሲመለስ ሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶበት፣ ሾፌሩ ሲቀይር እሱ በደረቅ ወንዝ ውስጥ ሲንጎራደድ ያገኘው ነው። ጠፍጣፋ፣ ነጣ ያለ፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ። ላዩ ላይ ጥቁር ዛፍ አለ። ሥዕል አይደለም፤ ማንም እጅ ያን ያህል አቅጥኖ አይሥልም። ግንድ፣ ከግንዱ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ጭራሮ፣ ከጭራሮው ደግሞ ዓይን የሚያስፈዝዝ ቅጠላ ቅጠል። «የጥንት ቅጠል ነው» አለን። «ሰው ከመፈጠሩ በፊት እዚህ አገር የበቀለ። ሞቶ ድንጋይ ሆነ።» በሚያስተምርበት ክፍል ሁሉ የሚያሳየው ይህንን ነበር፤ ክፍሉ ቤተ ክርስቲያን ይመስል ጸጥ ይላል።

ድንጋዩ በየተራ ሲዞር እኔ ጋ ደረሰ። እኔ እንግዲህ ዕቃ ሳልገለብጥ የማልመልስ የነጋዴ ልጅ ነኝ። ገለበጥኩት። ዛፉ ቁልቁል ሆነ። አጠገቡ ሌላ ትንሽ ዛፍ አየሁ፤ እሱ ደግሞ ወደ ጎን ነው የበቀለው። ሌላው ከላይኛው ጠርዝ ወደ ታች። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር።»

«አቤት።»

«ሥሩስ?»

ክፍሉ ሣቀ፤ እንደ ወትሮው የማሾፍ መስሏቸው ነው። እሱ ግን አልሣቀም። መጥቶ ድንጋዩን ተቀበለኝና ወደ መስኮቱ ሄደ። ከጆንያ ኪሱ ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ያይ ጀመር። ደወል ተደወለ። ተማሪው ደብተሩን ሰብስቦ እየተጋፋ ሲወጣ፣ እሱ ከድንጋዩ ቀና ሳይል፣ «ጎበዝ። ተቀመጥ» አለኝ።

«ተቀመጪ ነው ቲቸር። ደግሞ ተደውሏል።»

«ተቀመጪ» አለ፣ አሁንም ቀና ሳይል። ትቼው ወጣሁ።

ክረምቱን አርባ ምንጭ ለኮርስ ሲሄድ ድንጋዩን ይዞ ሄደ። እዚያ ስለ ድንጋይ ለሚያውቅ አንድ መምህር አሳየው። መስከረም ላይ ተመለሰ። ትምህርት የተከፈተ ዕለት ባንዲራ ተሰቅሎ፣ ዳይሬክተሩ ስለ ዩኒፎርም ተናግሮ ሲጨርስ ቲቸር ማርቆስ ማይኩን ጠየቀ።

«በዚህ ትምህርት ቤት ለተማሩ ልጆች ስሕተት አስተምሬአለሁ» አለ። «ድንጋዩ ላይ ያለው ቅጠል አይደለም። ዛፍም አይደለም። ማዕድን ነው፤ ማንጋኒዝ ይባላል። ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ ሲገባ ይዞት ገብቶ እዚያ አስቀመጠው። ሲስፋፋ ቅርንጫፍ ሠራ። ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ አልሞተም። ቅርንጫፍ ያለው ሁሉ ሕይወት አለው ያልኳችሁን ሰርዙ። ሥሩን የጠየቀችኝ አንዲት ተማሪ ናት።» አንገቱን አዘንብሎ በሰልፉ መሐል ፈለገኝና አገኘኝ። እኔ እንኳን ልኮራ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እስቲ አስቡት። መምህር ተሳሳትኩ ሲል በዚህች ከተማ ማን ሰምቶ ያውቃል? መምህር ሲሳሳት ተማሪው ነው የሚንበረከከው! ዳይሬክተሩ ከሰልፉ በኋላ፣ «አቶ ማርቆስ፣ የመምህርነት ክብር የሚባል ነገር አለ። አንድ ድንጋይ ነው፤ ተወው» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱም «ድንጋዩንስ እተወው ነበር። ልጆቹን ምን ላድርጋቸው?» አለው።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር። ለካ ገና መጀመሩ ነው። ቲቸር ማርቆስ ቀደም ብለው የተማሩትን፣ ጨርሰው የሄዱትን፣ አንድ በአንድ እየፈለገ ማረም ጀመረ። ካኮ ገበያ ወጥቶ በግ በሚሸጥበት መሐል ገብቶ አንዱን አረመ። ሠርግ ላይ ሙሽራውን አረመ። «ያቺን ዓረፍተ ነገር ጽፈሃታል አይደል? ሰርዛት።» ከተማው በሣቅ ፈረሰ። «ድንጋዩ ቲቸር» የተባለው ያኔ ነው።

ዲመካ የሄደ ቀን አብሬው ነበርኩ። ከአባቴ ጋር ዕቃ ይዘን ለገበያ ስንወርድ ያው ሚኒባስ ላይ ተገናኘን። ከሱ ተማሪዎች አንዱ እዚያ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሯል። አባቴ ዕቃ እስኪያወርድ ተከትዬው ገባሁ። ልጁ ክራቫት አስሮ፣ ወረቀት ከምሮ ተቀምጧል። ገና ሲያየን ጉዳይ ልናስጨርስ የመጣን መስሎት ፊቱን አኮሳተረ።

«ቲቸር፣ ዛሬ ሚቲንግ አለብኝ፤ ፋይሉን ለሴክሬታሪዋ…»

«አጭር ነው። ያ ድንጋይ ቅጠል አይደለም።»

«ምን?»

«ማንጋኒዝ ነው። ኖሮ አያውቅም።»

ልጁ እኔን አየኝ፣ እሱን አየው። «ለዚህ ብቻ ነው ከጂንካ የመጣኸው?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔ እኮ ድንጋዩን ራሱ ረስቼዋለሁ፣ ቲቸር።»

«እንግዲያው አስታውሰውና እርሳው» አለው።

ስንመለስ በመኪናው ውስጥ አልቻልኩም፤ ጠየቅኩት። «ምን አስጨነቀህ ቲቸር? ማን ልብ ይለዋል?» መልሱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «አንዱ መምህር ይሆናል። እኔ ያልኩትን ለልጆቹ ይላል። እነሱም ለልጆቻቸው። ስሕተትም ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ያውም ቶሎ።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ ነው እንጂ ለእኔ የሚናገር አይመስልም፣ «ዓረፍተ ነገሯ ግን ቆንጆ ነበረች» አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ያኔ ነው ምን ያህል እንዳስከፈለው የገባኝ። ሰው የሚወዳትን ነገር በገዛ እጁ ሰርዞ፣ ስትሰረዝ አይተህ መስክርልኝ እያለ አገር ለአገር ሲዞር ከሱ ሌላ አላየሁም።

ዓመታት ሄዱ። እኔ ትዳር ያዝኩ፣ የአባቴን ሱቅ ወደ ግንባታ ዕቃ ለወጥኩት። እሱ ጡረታ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሱቄ ብቅ ይላል፤ አንዱ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ከደንበኛ ጋር ይጨዋወታል። ሽያጭ ያበላሽብኛል! ቀለም የሚገዛውን ሰው «ከምን እንደተሠራ ጠይቀሃል? ሥሩስ?» ሲለው ሰውዬው ቀለሙን ትቶልኝ ይወጣል። «ቲቸር፣ ልጆቼን ምን ላብላ?» ብዬ እጮህበታለሁ። እሱ ይሥቃል።

አንድ ቀን አዲስ ሴራሚክ አስገባሁ፤ እምነበረድ የሚመስል፣ ላዩ ላይ ጥቁር ቅርንጫፍ ያለው። ገና ሲያየው ተነሥቶ መጣ፤ በጣቱ ዳበሰው። ሌላ ካርቶን ከፈተ፤ ያው ዛፍ። ሌላ ከፈተ፤ ያው። «መንታ ወለደ!» ብሎ ባልዲው ላይ እስኪንከባለል ሣቀ። ሣቁ ሲበርድለት ግን ፊቱ ተለወጠ። ድንጋዩን አውጥቶ ከሴራሚኩ አጠገብ አስቀመጠው።

«ሰናይት፣ ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የያዘው ነው መጨረሻ የሚቀርለት። አባቴን አይቻለሁ። እኔ መጀመሪያ የያዝኩት ስሕተቱን ነው። አንድ ቀን ይሄን ይዤ ቅጠል ነው ካልኩ ዝም እንዳትል።»

«እንዳትዪ ነው።»

«እንዳትዪ። ጠይቀኝ። ማል።»

«ማዪ ነው፣ ቲቸር» አልኩት፤ ማልኩለት።

ምናለ ያን ቀን ባልማልኩ ያልኩበት ጊዜ መጣ። መጀመሪያ ቃላት ጠፉበት፤ «ላሟ ገባች» እያለ ይሥቅ ነበር። ቀጥሎ የሰው ስም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሱቄ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ያ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ መሐል ላይ ቆሞ ቀረ። ሰው ጠርቶኝ ስደርስ እጁን ዘርግቶ፣ ጣቶቹን ከፍቶ ቆሟል። «ማን ነው ከእኔ ቀጥሎ?» አለኝ። እጄን ዘረጋሁለት፤ ቤቱ አደረስኩት። ያን ቀን አእምሮው መለስ ሲልለት የሴራሚክ ካርቶን ቅዳጅ ላይ በጠመኔ ያንን የነርቭ ሕዋስ ሣለና፣ የቅርንጫፎቹን ጫፍ ጫፍ በአውራ ጣቱ እያጠፋ አሳየኝ። «እንዲህ ነው የሚሆነው» አለኝ። «ከጫፍ ይጀምራል። ግንዱ ጋ ሲደርስ እኔ አላየውም፤ አንቺ ታዪዋለሽ።» ተረጋግቶ ነበር፤ አንቺ ያለኝ በትክክል ነው። የዚያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ከአልጋው አይወርድም፤ እኔንም ራሔልንም እንደ እንግዳ ያየናል። አማርኛውም አሪኛውም ቀረ። እትዬ ራሔል ምግብ ስታጎርሰው አፉን ይከፍታል፤ ሌላ ነገር የለም። ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ሲዘምሩለትም ጣሪያውን ነው የሚያየው።

አርባ ምንጭ ልሄድ ስል ልሰናበተው ገባሁ። ራሔል በር ላይ ተቀበለችኝ፤ ፊቷ በርቷል። «ነይ፣ ነይ፣ ዛሬ ተናገረ! ድንጋዩን አስይዤው ነበር፤ አየውና ሣቀ!» አለችኝ። ስገባ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ድንጋዩ መዳፉ ላይ ነው። ሲያየኝ አላወቀኝም፤ ግን ተማሪ መሆኔን ያወቀ መሰለኝ።

«ይሄ የጥንት ቅጠል ነው!» አለኝ። ያ ድምፁ! ሰሌዳው ፊት የሚሰማው ድምፁ። «አየህ? ሰው ከመፈጠሩ በፊት እዚህ አገር የበቀለ። ቅርንጫፍ ያለው ሁሉ ሕይወት አለው፤ ካልሆነም ነበረው።»

ዓረፍተ ነገሯን አንድ ቃል አላጎደላትም። ሁሉ ነገር ረግፎ እሷ ብቻ ቀርታለታለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ራሔል ትከሻዬን ያዘችኝ። «እንዳትነካው፣ በጌታ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ ያየሁት።»

«ቃል አስገብቶኛል፣ እትዬ ራሔል።»

«እኔንም አስገብቶኛል» አለች። እሷንም ማስማሉን አላውቅም ነበር። ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ ቆየች። «ጧት ሲናገረው አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። አልቻልኩም። አንቺ ከቻልሽ… እኔስ እንጃ።»

እኔስ እችላለሁ? የሣቀ ሰው ፊት ላይ ምን ልል? ዝም ብል ማን ይከሰኛል? ቅጠል ነው ብሎ ቢሞት ማንን ይጎዳል? ይህን ሁሉ አሰብኩ። ግን ያ ዲመካ ድረስ የወረደው ሰው፣ ያ ሠርግ ላይ ሙሽራ ያረመው ሰው፣ ይህን ቀን ፈርቶ ነበር ያስማለኝ። ዛሬ ከዚያ መሐላ ሌላ የሱ የሆነ ነገር በእጄ የለኝም። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር።»

«አቤት።»

«ሥሩስ?»

ሣቁ ከፊቱ ጠፋ። ወዲያው፣ ጥፍት። ድንጋዩን ተመለከተ፣ እኔን ተመለከተ። ምን አደረግኩ አልኩ በልቤ፤ ራሔልም ፊቷን አዙራለች። እሱ ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ገለበጠው። በጣቱ ጫፍ ጥቁሩን መስመር ከጭራሮው ወደ ቅርንጫፉ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ግንዱ እየተከተለ መጣ፤ ጠርዙ ላይ ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር።

«ይሄኛው ከዚህ ነው የወጣው… ይሄኛውም ከጠርዙ። ይሄ ቁልቁል ነው… ሥር የለውም።»

«የለውም?» አልኩት።

«የለውም! ቅጠል አይደለማ! ውኃ ነው!» አለ። በፊት ከነበረው ሣቅ የበለጠ ሣቅ ፊቱን ሞላው። «ውኃ ነው የሣለው! ራሔል! ውኃ ነው!» በስሟ ጠራት። እሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እጁን ያዘች። እሱ ቀና ብሎ ክፍሉን ቃኘ፤ በተማሪ የተሞላ ይመስል። «ማን ነው የጠየቀው?»

እጄ ገና አልወረደም። «እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

«ጎበዝ። ተቀመጥ።»

«ተቀመጪ ነው» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያላለፍኳትን ስሕተት ዋጥ አደረግኳት። ተቀምጬም ስለነበር መጀመሪያ ተነሣሁ፤ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ከዚያ እንደ ደንቡ ተቀመጥኩ። እሱም ረክቶ ዓይኑን ጨፈነ። በማግስቱ አርባ ምንጭ ሄድኩ፤ የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

አውራጁ ላይ ጮኼ፣ ዕቃውን እንዳለ ትቼ ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ያረማቸው ሁሉ መጥተዋል፤ ያ የዲመካው ባለ ክራቫትም ፀጉሩ ሸብቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ራሔል አቅፋኝ ስታበቃ በመሐረብ የተጠቀለለውን ድንጋይ እጄ ላይ አኖረችልኝ። አልፈታሁትም፤ ክብደቱን አውቀዋለሁ። መሐል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰዎቹ ተነሥተው ወንበር ይለቁልኝ ጀመር። «ተቀመጪ፣ ሰናይት» አለኝ አንዱ። «ተቀመጪ እንጂ» አለች ሌላዋ። «ተቀመጪ፣ እህቴ።»

ሁሉም በትክክል ነው የሚሉት። ማን ይሳሳትልኝ?